ደረጃው ሥር የቆሙት እትዬ ራህማ

እትዬ ራህማ መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። የደወለችልኝ ድሮ ክሊኒኩ ውስጥ አብራን ትሠራ የነበረች አስናቀች የምትባል ነርስ ናት።

«ግርማ፣ አልሰማህም እንዴ? ጠዋት አርፈው ከዙህር ሶላት በኋላ ተቀበሩ እኮ» አለችኝ።

መሳለሚያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ከሰልፉ ወጣሁ፤ ግን ወዴት እንደምሄድ አላወቅኩም። ቀብሩ አልፏል። ለቅሶ ቤት ለመሄድ ደግሞ እግሬ እምቢ አለኝ። ለምን እምቢ እንዳለኝ እመጣበታለሁ።

ስለ እሳቸው ሰፈሩ ብዙ አውርቷል። ሥራ ሲያጡ ጭንቅላታቸው ተነካ፣ አማኑኤል ሆስፒታል መወሰድ ነበረባቸው ያለ አለ። እኔ አምስት ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ፤ የማውቀውን ልናገር።

ክሊኒኩ ከመሳለሚያ ወደ አማኑኤል ሲኬድ አንድ ፎቅ ላይ ነበር። ምድር ቤቱ የገመድና የሸራ ሱቅ ነው፤ ወደ እኛ የሚያወጣው ጠባብ የሲሚንቶ ደረጃ በሁለት ሱቆች መሃል ይገባል። ታካሚዎቻችን የዚያው አካባቢ ሰዎች ናቸው፦ ተሸካሚዎች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ሊስትሮዎች፣ ከወሎና ከጎጃም ለቀን ሥራ የመጡ። እትዬ ራህማ የጀመሩት ካርድ ክፍል ነው። ካርድ ወረቀት በነበረበት ዘመን ሰው ደረጃውን ጨርሶ ብቅ ሲል ፊቱን አይተው ካርዱ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ያውቁ ነበር ይባላል። ክሊኒኩ ወደ ኮምፒውተር ሲዞር የካርድ ክፍል ሰዎች ሌላ ሥራ ፍለጋ ሄዱ። እሳቸው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እየተማሩ፣ ያልገባቸውን ሳይጠይቁ ሳያልፉ፣ የሰርቨሩ ኃላፊ ሆኑ። እኔ በዲግሪ ተቀጥሬ ስመጣ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ሥራ ያስተማሩኝ ዲግሪ የሌላቸው እትዬ ራህማ ናቸው።

ሰርቨሩ የተቀመጠው ድሮ የባልዲና የመጥረጊያ ማስቀመጫ በነበረች ክፍል ውስጥ ነው። የታካሚው ሁሉ ታሪክ፣ ማን ምን እንደታመመ፣ ምን መድኃኒት እንደወሰደ፣ የትኛው እንደማይስማማው፣ እዚያ ሻንጣ በሚያህል ሳጥን ውስጥ ባለ ዳታቤዝ ላይ ነው ያለው። በየቀኑ ሥራ ሲያልቅ ፕሮግራሙ ራሱ ቅጂ ያወጣል፤ ባክአፕ የምንለው። አንዱ እዚያው ሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፣ አንዱ ከዚያ ተገልብጦ የክሊኒኩ ዶክተር ካዝና ውስጥ ይገባል፣ አንዱን ደግሞ አርብ አርብ እትዬ ራህማ በሻርፕ ጠቅልለው ቤታቸው ይወስዳሉ።

«መርካቶ እሳት አያጣውም። ሦስቱም አንድ ጣራ ሥር ካሉ አንድ ናቸው» ይሉ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጥባቸው ግን ሐሙስ ጠዋት የሚያደርጉት ነገር ነው። ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረ። ቅጂውን አምጥተው እሱ ላይ መልሰው ይዘረጉትና የአሥር ሰው ካርድ ከፍተው በዓይናቸው ያነባሉ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ሳቅሁ።

«እትዬ፣ ፕሮግራሙ እኮ ‹ተጠናቋል› ብሏል።»

«ማስቀመጥማ ማንም ያስቀምጣል። መመለሱ ነው ሙያው። መልሰህ ያላየኸው ቅጂ፣ አለኝ አትበል» አሉኝ።

ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው። ሊመለስ የማይችል ትእዛዝ ሲጽፉ፣ መጨረሻውን ቁልፍ ከመጫናቸው በፊት ሁለት እጃቸውን ከኪቦርዱ አንስተው ጉልበታቸው ላይ ያሳርፋሉ። የጻፉትን ድምፅ አውጥተው አንዴ ያነባሉ። ከዚያ ነው የሚጫኑት። እኔ ስቸኩል ካዩ ከኋላዬ መጥተው «እጅህን አንሳ» ይሉኛል። ሌላ ቃል አይጨምሩም።

አሮጌው ኮምፒውተር አንድ ቀን ነፍሱ ወጣ። ዶክተሩን ሌላ እንዲገዛ ጠየቁት። የክሊኒኩ ባለቤት እሱ ነው፤ ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይርቅም፣ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ቸኩሎ የሚኖር ሰው ነበር። «በሚመጣው ወር፣ እትዬ ራህማ» አላቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ጠየቁት፣ ይህንኑ አላቸው። የሐሙሱ ሥራ ቆመ። እሳቸው ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ያንን ባዶ ጥግ ሲያዩ አስታውሳለሁ።

ሰርቨሩ የተበላሸበት ቀን ማክሰኞ ነበር፤ ረፋዱ ላይ። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ እንደገና ሄደ። መጠባበቂያው ባትሪ አርጅቶ ኖሮ ሰርቨሩ እየሠራ እያለ ድንገት ጠፋ። መብራት ሲመለስ ዳታቤዙ አልከፍት አለ። ደረጃው ላይ ሰልፉ እስከ ገመድ ሱቆቹ ወርዷል። ዶክተሩ በየአምስት ደቂቃው በሩን ይከፍታል፣ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ይላል።

የእትዬ ራህማ ሕግ ግልጽ ነው። መጀመሪያ የተበላሸውን እንዳለ ገልብጠህ ታስቀምጣለህ፤ ቅጂው ቢከዳህ ከፍርስራሹ የሚለቀም አይጠፋም። ቅጂውንም ሌላ ቦታ ዘርግተህ አይተህ ነው የምታስገባው። ግን ሌላ ቦታ የሚባለው ኮምፒውተር የለም። ሰርቨሩ ላይ ደግሞ ሁለቱን የሚችል ቦታ አልነበረም። የተበላሸውን ወደ ውጭ ለመገልበጥ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል።

እሱን ልንጀምር ስንል ነው ጩኸቱ የመጣው። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ደረጃውን ወጣች። ልጅቷ ሰባት ስምንት ዓመት ይሆናታል፤ የሚጥል በሽታ ነው፣ ይዟት አልለቅ ብሏል። እናትየው «ባለፈው የሰጣችኋት መርፌ ትንፋሽ አሳጥቷት ነበር! ያንን እንዳትሰጧት! እናንተ ጽፋችሁታል፣ እዩት!» እያለች ትጮሃለች። የመርፌው ስም ምን እንደሆነ አታውቅም። አስናቀች ወደ እኛ ሮጣ መጣች። «ካርዷን! ካርዷን ብቻ!»

እትዬ ራህማ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ትላለህ?» አሉኝ። በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም።

«የተበላሸው ይጥፋ፣ እትዬ። የትናንቱ ቅጂ አለን» አልኩ።

የማጥፊያውን ትእዛዝ ጻፉ። እጃቸውን አላነሱም። ተጫኑት።

የትናንቱን ቅጂ ስንከፍት ባዶ ነው። የከትናንት ወዲያው ባዶ ነው። ዲስኩ ሞልቶ ኖሯል። ፕሮግራሙ በየቀኑ ባዶ ፋይል ይፈጥርና የዕለቱን ቀን ይጽፍበታል፣ ‹ተጠናቋል› ይለናል። ካዝናው ውስጥ ያለውም፣ ቤታቸው ያለውም ከዚያው የተገለበጠ ነው። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄድን። ሙሉ ሆኖ ያገኘነው ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት የወጣውን ነው።

የልጅቷ ካርድ እዚያ ውስጥ ነበረ። መርፌው ታወቀ፣ ሌላ ተሰጣት፣ ዳነች። ይህን መናገር አለብኝ። እናትየው የእትዬ ራህማን እጅ ስማ ወጣች። እሳቸው እጃቸውን እንደዘረጉ ቆመው ቀሩ።

ከዚያ ወዲያ ለሳምንታት ያደረግነው የጠፋውን አሥራ ዘጠኝ ቀን ከወረቀት መልቀም ነው። የላብራቶሪ ብጣሽ፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የቀጠሮ ደብተር። ስልክ ያለው ተደወለለት፤ ስልክ የሌለውን እትዬ ራህማ በእግራቸው ሄደው ፈለጉት። እህል በረንዳ፣ በጤፍ ከረጢት መሃል ተሸካሚ ሲያስቆሙ አይቻቸዋለሁ። «ክሊኒክ መጥተህ ነበር? ምን አሉህ? ምን ሰጡህ?» ሁሉም ማለት ይቻላል ተገኘ። የቀረው አራት ቁጥር ነው። ካርድ በተራ ቁጥር ስለሚወጣ፣ በእነዚያ ቀናት ካርድ ካወጡት ውስጥ የአራቱ ቁጥር ስም አልባ ሆኖ ቀረ። ሰዎች እንደሆኑ እናውቃለን፤ እነማን እንደሆኑ አናውቅም።

እትዬ ራህማ አራቱን ቁጥር በትልቁ ጽፈው ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ለጠፉት፦ «እነዚህ ከመጡ ሳታክሙ ጥሩኝ።» በሳምንቱ ዶክተሩ አንስቶ ጣለው። «ታካሚ ያስፈራል፤ ምን ጠፋ ብለው ይጠይቁናል» አለ። እንደገና ለጠፉት። እንደገና አነሳው።

ታደለ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የእህል በረንዳ ተሸካሚ ነው፣ የጎጃም ልጅ፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ። አገሩ ከርሞ መመለሱ ነው። እግሩ ላይ ያለ ቁስል አመርቅዟል። ብጣሽ ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠ፤ አዲስ የተቀጠረችው የካርድ ክፍል ልጅ ቁጥሩን አስገባች፣ ‹የለም› አላት። ተሳስቶ ተጽፎ ይሆናል ብላ አዲስ ከፈተችለት። ውስጥ ሲገባ አስናቀች ጠየቀችው፦ «የማይስማማህ መድኃኒት አለ?»

«አዎ፣ አንዱ አይስማማህም ብለውኛል» አለ። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆመ። «ስሙን አላውቀውም። እዚያ ላይ ተጽፏል።»

አስናቀች አየች። የተጻፈ የለም። «ምንም የለብህም» አለችው፤ እሱም አመናት። የፔኒሲሊን ዘር የሆነ እንክብል ታዘዘለት። መድኃኒት መስጫው መስኮት ላይ የመጀመሪያውን በውኃ ዋጠ። ደረጃውን ሊወርድ ሲል መሃል ላይ ወደቀ። መርፌም ኦክስጅንም ሞክረዋል። አልሆነም። እትዬ ራህማ በዚያ ሰዓት ሰርቨሩ ክፍል ነበሩ፤ ጩኸት ሰምተው ሲወርዱ መጀመሪያ ያዩት እጁ ውስጥ የጨመቃትን ብጣሽ ካርድ ነው። ቁጥሯን አነበቡ። ከአራቱ አንዷ ናት።

ዶክተሩ ለሰው ሁሉ «ልቡ ነው» አለ። እትዬ ራህማ የጠየቁት ሁለተኛ ኮምፒውተር የተገዛው ታደለ በሞተ በሳምንቱ ነው።

አስከሬኑን ሊወስድ የመጣው ታላቅ ወንድሙ ያረጋል ነበር። መሳለሚያ ላይ ሳጥኑን መኪና ላይ አስጭኖ ገመዱ እስኪታሰር ሲጠብቅ እትዬ ራህማ ደረሱ። ብቻቸውን እንዳይሄዱ ብዬ ተከትያቸው ነበር፤ ትንሽ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

«ወንድሜ፣ ከክሊኒኩ ነው የመጣሁት። አንድ ነገር ልንገርህ» አሉት።

«ይንገሩኝ፣ እናቴ።»

«ታደለን ልብ አይደለም የገደለው። የማይስማማውን መድኃኒት ነው የሰጠነው። እንደማይስማማው ተጽፎ ነበር። ጽሑፉ የጠፋው በእኔ እጅ ነው።»

«አልገባኝም።»

እንደገና ነገሩት፣ የኮምፒውተር ቃል ሳያስገቡ። «የሰው ሁሉ ነገር የተጻፈበት አንድ መዝገብ አለን። ተበላሸ። ቅጂ አለኝ ብዬ የተበላሸውን ጣልኩት። ቅጂው ባዶ ነበር። ቸኩዬ አላየሁትም። የወንድምህ ገጽ እዚያ ውስጥ ነበረ።»

ያረጋል ሳጥኑን አየ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ለምን ነገሩኝ?» አለ። «እግዜር ወሰደው ብዬ አልቅሼ ጨርሼ ነበር። አሁን እናቴ ዘንድ ምን ይዤ ልግባ?»

«ስሜን ንገራት። ራህማ የምትባል ሴት ናት በላት።»

«ስምዎ ለእናቴ ምን ያደርግላታል?»

ሾፌሩ ተጣራ። ያረጋል አንድ እግሩን መኪናው ላይ አድርጎ ዞረ።

«የጠፋው የእሱ ብቻ ነው?»

«አራት ነበሩ። ሦስቱን አላገኘናቸውም።»

«ስማቸው ማን ነው?»

«አናውቅም። ቁጥራቸውን ብቻ ነው።»

«በሕይወት አሉ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አለና ወጣ። መኪናው ሄደ።

ዶክተሩ በዚያው ቀን አባረራቸው። ለቤተሰቡ መናገራቸውን ሰምቶ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሥራ ስገባ እትዬ ራህማ ደረጃው ሥር፣ በገመድ ሱቆቹ መሃል ቆመዋል። የሚወጣውን ታካሚ ሁሉ ያስቆማሉ። «የኔ እናት፣ ካርድሽን አንዴ አሳዪኝ። ወንድሜ፣ ቁጥርህን ልይ።» አይተው ይመልሱና ወደሚቀጥለው ይዞራሉ። ክሊኒኩ ከተከፈተ እስኪዘጋ ድረስ። የምሳ ሰዓታቸውን እንኳ ቆመው ነው የሚያሳልፉት።

ዶክተሩ ዘበኛውን ላከው። ዘበኛው ወርዶ፣ ትንሽ አነጋግሯቸው ተመለሰ። «ጌታዬ፣ ደረጃው የእርስዎ ነው፤ መንገዱ የመንግሥት ነው። እኔ እትዬ ራህማን አላስነሳም» አለው። ክረምት ገባ። የሸራ ነጋዴው ትርፍራፊ ሸራ በላያቸው ወጠረላቸው። መንገደኛው ማውራት ጀመረ። ከንፈር የሚመጥ አለ፣ የሚስቅ አለ፣ የሚያውቋቸው ሰዎች ዘመዶቻቸው ዘንድ ሄደው «ውሰዷቸው እንጂ» ያሉ አሉ። ወንድሞቻቸው መጥተው እጃቸውን ይዘው ወስደዋቸው ነበር። በማግስቱ ተመልሰው ቆሙ።

እኔ በየቀኑ አጠገባቸው አልፋለሁ። «እንዴት አደሩ፣ እትዬ?» «ደህና፣ ግርማ።» ይኸው ነው። ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ይህን የምናገረው ምክንያቴ እንዲታወቅ ነው እንጂ ንጹሕ ነኝ ለማለት አይደለም። ወረቀቱን መልሼ መስኮቱ ላይ አልለጠፍኩም። የቀሩትን ሦስት ቁጥሮች ነገር ለዶክተሩ አላነሳሁበትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከታች ስሜን ሲጠሩ ሰማሁ። ወረድኩ። ጎመን የምትሸጥ አንዲት ሴት ክንድ ይዘዋል። «ግርማ፣ አንዷ መጣች» አሉኝ። ሴትዮዋ ለመገጣጠሚያዋ የምትወስደው ክኒን ደም አስተፍቷት እንደነበር ነገረችን። ያንኑ ክኒን ልታሳዝዝ ነበር የመጣችው። ከወር በኋላ ሁለተኛው መጣ፣ ሽማግሌ ዘበኛ፣ የጠፋበት ነገር የሳል ሽሮፕ ብቻ። ሦስተኛው አልመጣም። እትዬ ራህማ እስከ ጥቅምት ቆመው እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ ሲል ነው የቀሩት። ኩላሊት ነው አሉ።

ቤታቸው አንዴ ጠይቄያቸዋለሁ። ማጽናናቴ ነበር፤ «ልጅቷ እኮ በእርስዎ ዳነች፣ እትዬ። ያኔ ባይቸኩሉ ምን ትሆን ነበር?» አልኩ።

«ሰው በሰው አይመዘንም። እህል በረንዳ አይደለም» አሉኝ። ከዚያ ስለ ልጆቼ ትምህርት ጠየቁኝ። ያን ቀን «የተበላሸው ይጥፋ» ያልኩት እኔ መሆኔን፣ ያኔም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ ለእኔም ለማንም አንስተው አያውቁም።

ለቅሶ ቤት የሄድኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ድንኳኑ ሥር ብዙ ሰው የለም። ልጃቸው ሀያት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ይዛለች፤ ዓይኗ የእናቷ ነው።

«ጋሽ ግርማ፣ እርስዎ አብረዋት ስለሠሩ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችኝ ዝቅ ብላ። «‹ሥራውን በፈቃዴ ነው የለቀቅኩት› ነበር የምትለን። መንገድ ላይ ለምን እንደምትቆም ስንጠይቃት ‹ሰው እጠብቃለሁ› ትል ነበር። ሌላ ነገር አልነገረችንም። አጎቶቼ ‹አሟት ነበር› ነው የሚሉት። አሟት ነበር?»

ያረጋል ትዝ አለኝ። ለምን ነገሩኝ ያለው። ይህቺ ልጅ እናቷን ቀብራ ሦስት ቀኗ ነው። ዝም ብል የሚጠይቀኝ አልነበረም።

ነገርኳት። ስለ ባዶዎቹ ፋይሎች፣ ስለ ታደለ፣ ስለ ሦስቱ ቁጥሮች፣ ሁሉንም። «የተበላሸው ይጥፋ» ያልኩት እኔ መሆኔንም ጨምሬ። ስጨርስ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ እናቷ አልነበረም።

«ሦስተኛው ሰው ተገኘ?»

«አልተገኘም።»

ጉልበቷ ላይ ያለውን ሻርፕ አጠፈች፣ ፈታች።

«ከሰኔ እስከ ጥቅምት ብቻዋን ቆመች» አለች። «እርስዎ ያኔ የት ነበሩ?»

«ላይ ነበርኩ» አልኳት። «ሥራ ላይ።»

ሀያት ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። አዲስ ለቅሶ ደራሾች ገብተው ነበር፤ ተነስታ ልትቀበላቸው ሄደች።